ቀረጥ ያልተከፈለባት የደብራችን መኪና

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለአጎቴ በቅጡ አስረድቻቸው አላውቅም። የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። ሰው ከውጭ መኪና ሲያስመጣ ሰነዱን ይዤ የምሯሯጥለት እኔ ነኝ፤ መኪናዋ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ትግባ በሚለው ላይ የምከራከርለትም እኔ ነኝ፤ በመጨረሻ ቀረጡ ሲበዛበት የሚጮኸውም በእኔ ላይ ነው። አጎቴ ቄስ ናቸው፤ መንዝ ውስጥ ከዘመሮ ወጣ ብሎ ያለውን ደብራችንን ያስተዳድራሉ። ስለ እኔ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ልጃችን የጅቡቲን በር ይጠብቃል» ብለው ይመልሳሉ። ጅቡቲን ያየኋት ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም ሙቀቱ አስተኝቶኛል። ዕድሜዬ ያለቀው ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ፀሐይ ላይ በተደረደሩ መኪኖች መሀል እያጎነበስኩ የሻንሲ ቁጥር ሳነብ ነው። ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ድካሙ ከወገብ አልፎ ጭንቅላት ገባ። ማታ አንብቤ የተኛሁት መመሪያ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ተሻሽሎ ይጠብቀኛል። የነዳጅ የቤት መኪና አይገባም ተባለ። ወደብ ደርሶ የቆመውስ? ይጣራ ተባለ። ያገለገለው በዕድሜው ልክ ኤክሳይስ ታክስ ተጫነበት። ደንበኛ ስልክ ደውሎ «ትናንት እንዲህ አላልከኝም ነበር እኮ» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ ትናንት እንዲያ አልነበረም። ይህን ሁሉ የምለው ያቺ መኪና ስትመጣ በምን ዓይነት ስልቹነት እንደተቀበልኳት እንዲታወቅልኝ ነው።

አጎቴ የደወሉልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሞጆ መስመር ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። ዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩት የደብሩ ሴት ልጆች ተዋጥተው ያገለገለች ደብል ጋቢና መኪና ገዝተዋል፤ ለደብሩ ስጦታ ናት። በክረምቱ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ወደ መሐል ሜዳ ስትወሰድ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ተሸካሚዎቹ እየወደቁ እየተነሡ ነበር የሄዱት። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ያንን የሰሙ ልጆች ናቸው የገዟት። አጎቴ ይህን ሁሉ ነገሩኝ፤ እኔ ግን በሙያ በሽታዬ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው የስንት ዓመት ስሪት እንደሆነች ነው።

«የኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለልን» አልኳቸው።

«መብራት እዚህ እንዴት እንደሆነ ረሳኸው? ገብስ በልታ የምትሄድ ካለች እሷን አስመጣልን።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን መኪና ከቀረጥ ነፃ የምታስገባበት መንገድ አለ፤ ያ መንገድ ደጋፊ ደብዳቤ፣ የደብዳቤው ደብዳቤ፣ የደብዳቤው ደብዳቤ ማረጋገጫ የሚባሉ ቤቶች አሉት፤ ሁሉንም ቤቶች አንኳኳሁ። ወደቡ ላይ ደግሞ መርማሪው መኪናዋን ዞሮ ዞሮ «ይህቺ ሰው ልትጭን ነው ዕቃ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሞያችን የዘወትር ጥያቄ ነው፤ የሰው መኪናና የዕቃ መኪና ታሪፋቸው ለየቅል ነው። ከፊት አምስት ሰው ትይዛለች፣ ኋላዋ ክፍት ነው። ሕመምተኛም፣ ቆርቆሮም፣ በግም፣ የጠላ ጋንም እንደምትጭን እያወቅሁ «ዕቃ» አልኩ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ወጣች።

ቁልፉን ያስረከብኳቸው መሐል ሜዳ ላይ ነው። መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ራሴ ነዳሁላቸው። ከማስረከቤ በፊት ሻይ ቤት አስቀምጬ ግዴታውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ቀረጥ አልተከፈለባትም፤ ስለዚህ መንግሥት ዓይኑ ከእሷ ላይ አይነሣም። አትሸጥም፣ አትከራይም፣ ለሌላ ሰው አትተላለፍም። ከተላለፈች ቀረጡ በሙሉ ይጠየቃል፤ ያ ደግሞ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። ካልተከፈለ ትወረሳለች። አጎቴ የሱፍ ባናቸውን ትከሻቸው ላይ እየሳቡ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«የታቦት ንብረት ማን ይሸጣል? ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ።

እኔም አመንኳቸው። አሁንም አምናቸዋለሁ፤ ነገሩን የሚያከፋው ይኼ ነው።

የደብራችን ንግሥ የደረሰው መኪናዋ ከገባች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ አልሄድኩም፤ ወደብ ላይ የቆመ የሌላ ሰው ዕቃ ነበረብኝ። በንግሥ ቀን ታቦቱ ከገባ በኋላ ምን እንደሚደረግ በዓል አክብሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ምዕመኑ በስእለት ያመጣው ነገር፣ ጃንጥላው፣ ምንጣፉ፣ በጉ፣ ለጨረታ ይወጣል። አንዱ ድምፅ ማጉያ ይይዛል፣ ሕዝቡ እየተፎካከረ ዋጋ ይሰቅላል። የገዛው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ይዞ አይሄድም፤ «ለቤተ ክርስቲያን ይሁን» ብሎ እዚያው ይመልሳል። እልልታው ይቀልጣል። አንድ ጃንጥላ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሸጦ ሲመለስ አይቻለሁ። ገንዘቡም ገባ፣ ጃንጥላውም አለ፣ ሰውየውም በረከት አገኘ። ልጅ ሆኜ ከዚህ የተሻለ ንግድ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

መኪናዋ አዲስ ስጦታ ናት፤ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ዛፍ ሥር ቆማለች፤ አፍንጫዋ ላይ የአደይ አበባ ጉንጉን ታስሮላታል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ደግሞ ያፈሳል። ድምፅ ማጉያ የያዘው መሪጌታ በጉንና ጃንጥላውን ጨርሶ ቁልፏን ከፍ አድርጎ አሳየ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ይህ ነገር ትክክል አይደለም ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ኖሬ ቢሆን እንኳ ማን ይሰማኝ ነበር?

ነገሩን ያወቅሁት በስልኬ ነው። የሰንበት ተማሪዎች ቀርጸው በየማኅበራዊ ገጹ ለቀውታል። መሪጌታው «አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ! መኪናችን ተሸጠች!» ይላል። ከዚያ ጥቁር የለበሰች፣ ጎልማሳነቷን ያለፈች ሴት ወደ ፊት ትመጣለች፤ ቁልፉን ትቀበላለች፤ ትስመዋለች፤ ለአጎቴ መልሳ ትሰጣለች። አጎቴ በመስቀላቸው ይባርኳታል። ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። ምሳዬን እየበላሁ ነበር፤ ሳህኑን ገፋሁት። ሰው እስኪያለቅስ ድረስ የሚያምር ነገር ሳይ እኔ የማየው የመመሪያ አንቀጽ መሆኑ ራሴን አስጠላኝ።

ጉምሩክም ስልክ አለው። ጥቂት ቆይቶ መኪናዋ ለማጣራት ተብላ ደብረ ብርሃን እንድትቀርብ ታዘዘ፤ የደብሩ ሹፌር ራሱ ነድቶ ወስዶ ግቢ ውስጥ አቆማት። አጎቴ ደወሉልኝ። የመጀመሪያው ቃላቸው «ስትሸጥ ከደብሩ መቼ ወጣች?» የሚል ነበር።

«አትሽጡ ብዬዎት አልነበረም?»

«አትሽጡ ያልከኝ ከደብሩ እንዳትወጣ መስሎኝ። ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም እኮ ልጄ! ዛፉ ሥር ነበረች፤ ተሸጣም እዚያው ቆየች።»

ሰነዶቹን ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። 

ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ከእኔ የማይተናነስ ድካም ፊቷ ላይ አለ። ጠረጴዛዋ በፋይል ተሸፍኗል፤ ሻይዋ ቀዝቅዟል። ተከራከርኳት። ሊብሬው ያው በደብሩ ስም ነው፣ ስም አልተዛወረም፣ መኪናዋ ሌላ ሰው እጅ አልገባችም፣ ልማዱ እንዲህ ነው አልኩ። ሰማችኝና «እኔም ጃንጥላ ገዝቼ መልሻለሁ» አለችኝ። «ልማዱን እንዳታስረዳኝ። ግን ተሸጠች ተብሎ በድምፅ ማጉያ የተነገረላትን መኪና አልተሸጠችም ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ። የደብሩ አስተዳዳሪ ይምጡ። ጨረታው መዋጮ ማሰባሰቢያ እንጂ ሽያጭ እንዳልነበረ እዚህ ፊቴ ይናገሩ። እዘጋዋለሁ።»

በዚህ ሥራ ስኖር ይህን ያህል የተከፈተ በር አይቼ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ለአጎቴ ስደውል ድምፄ ሳይቀር ወጣት ሆኖ ነበር።

በሚኒባስ ከመሐል ሜዳ መጡ። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ። መናኸሪያው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። መኪናዋ ከጉምሩኩ ግቢ አጥር ውስጥ ትታየናለች፤ የአበባው ጉንጉን ደርቆ ገና አፍንጫዋ ላይ ነው።

«አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፣ አባ። መዋጮ ነበር፣ ሽያጭ አልነበረም። ከዚያ ነድተናት እንሄዳለን።»

አጎቴ መስቀላቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ቆዩ።

«ሴትየዋን ታውቃታለህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

አላውቃትም። ነገሩኝ። ባሏ አዲስ አበባ ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ ሞተ፤ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ተቀበረ። አፈር አላለበሰችውም። ተዝካሩንም አላወጣችለትም፤ ዓመቱ ክፉ ነበር፣ ገብሱን ውርጭ መታው። ከቤቷ ጀርባ የነበረው ባሕር ዛፍ ባሏ ጎረምሳ ሳለ የተከለው ነው። ያንን ዛፍ በሙሉ አስቆርጣ ሸጠች፤ ለተዝካር ያሰበችውን ገንዘብ ይዛ ንግሥ መጣች፤ መኪናዋን ሲያወጧት ይኼ ይሻለዋል አለች። ሕመምተኛ በተጫነ ቁጥር ለነፍሱ ይሆንለታል አለች።

«እና?» አልኩ። ገብቶኝ ነበር፤ እንዲገባኝ ግን አልፈለግሁም።

«እናማ መኪናዪቱ ድሮም የደብሩ ናት። ሽያጭ አልነበረም ካልኩ፣ ይህች ሴት ምን ገዛች? ካልገዛችስ ምን ሰጠች? የታቦቱን ንብረት ለታቦቱ ሰጠች ልበል? ቁልፉን ስቀበላት ‘የባልሽን ነፍስ ይማር፣ ስጦታሽን ይቀበልልሽ’ ብያታለሁ። በመስቀል።»

«ብሩን ሰጥታለች! መዋጮም እኮ ስጦታ ነው።»

«ብርማ ሁሉም ይሰጣል። እሷ የሰጠችው መኪና ነው። ስለ ባሏ ነፍስ ብላ ነው ያንን ሁሉ ዛፍ ያስቆረጠችው።»

ያኔ ተናደድኩ። ሰው ሰምቶን ይሆናል፣ ግድ አልነበረኝም። ወላዷን አስታወስኳቸው። ቃሬዛውን፣ ጭቃውን፣ የሞተውን ሕፃን አስታወስኳቸው። ዐረብ አገር ያሉት ልጆች የሰው ወለል እየወለወሉ የገዟት መኪና አጥር ውስጥ ዝናብ ይምታት ነው የሚሉኝ አልኳቸው። አንዲት ቃል! ሞጆ ላይ «ዕቃ ነው» ያልኩትን ዓይነት አንዲት ቃል! በእርጅናቸው ላይ እንዲህ መጮኼ አሁንም ይቆጨኛል፤ የጮኽኩት ግን ስለማዝን ነበር።

አጎቴ አልተቆጡኝም። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ወላዷን እኔም አልረሳኋት። ሕፃኑን የቀበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ብዋሽ መኪናዋ ትመጣለች፤ አውቃለሁ። ለሕያዋን ብዬ የሞተውን ልካደው? እሱ እኮ ‘ኧረ አባ’ ብሎ አይከራከረኝም። አፍ የለውም።»

ወደ ባለሙያዋ ቢሮ ገባን። ባለሙያዋ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች፤ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ብዕሯን አነሣች።

«አባ፣ በንግሡ ዕለት መኪናዋ ለምዕመን ተሸጣለች ወይስ መዋጮ ነበር?»

«ተሸጣለች። ገዝታታለች።»

ብዕሯን አስቀመጠች። አየችኝ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ።

«አባ፣ ጥያቄዬ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል ልጄ፣ እግዜር ያክብርሽ። ልትረጂን እንደፈለግሽም ገብቶኛል። ገዝታለች፤ ንብረቷም ሆናለች፤ ከዚያ በባሏ ስም መልሳ ሰጥታለች።»

ብዕሯን እንደገና አነሣች። ከዚያ ያሉትን እንዳሉት ጻፈች። ስትጽፍ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ቀረጡና ግብሩ በሙሉ እንደሚጠየቅ፣ እስኪከፈል መኪናዋ ግቢው ውስጥ እንደምትቆይ፣ ካልተከፈለ ደግሞ በጨረታ እንደምትሸጥ በቀስታ አስረዳቻቸው። አጎቴ «ጨረታ» ሲባል ቀና አሉ።

«የገዛው ሰው ይመልሳታል?» ብለው ጠየቁኝ።

እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም። «የዚህኛው ጨረታ አይመለስም፣ አባ» አልኳቸው።

በሚኒባስ አብሬያቸው ወጣሁ። ብቻቸውን ልሰዳቸው አልቻልኩም። መንገዱን ሙሉ ያወራነው ጥቂት ነው፤ ብርዱን፣ የገብሱን ሁኔታ፣ የጣራውን ቆርቆሮ። ቆርቆሮው በሴትየዋ ብር ተገዝቶ ተመቷል፤ ከእንግዲህ አያፈስም። ቀረጡን የደብሩ ሰው ተዋጥቶ ይከፍል እንደሆነ በልቤ አሰላሁ፤ መንደሩን ቤት ለቤት ባስብ አልሞላልኝም። ባለሙያ መሆኔ የረዳኝ ነገር ቢኖር የማይሆነውን ነገር ከሌላው ቀድሜ ማወቄ ነው።

ደብሩ ስንደርስ ካህናቱ ጸሎት ላይ ነበሩ። ሴትየዋ ከበሩ ውጭ፣ ነፋሱ ላይ፣ በሰው ተከባ ትጠብቀናለች። አገሩ ሁሉ መንግሥት ሽያጩን ሊያፈርሰው ነው፣ ብሯም ሊመለስላት ነው እያለ አውርቶባታል። ፊቷ ያበጠው ስታለቅስ ከርማ ነው። አጎቴ እግር ላይ ወደቀች።

«አባ፣ ብሬን ልትመልሱልኝ ነው?»

አጎቴ አነሡዋት። «አንመልስልሽም። መግዛትሽን ተናግረናል፤ እነሱም ጽፈዋል። መንግሥትም አምኗል።»

«ጻፉ?»

«ጻፉ።»

መሬቱን ሳመች። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ መኪናዋ የት ናት ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ ወይም ጠይቆ ከሆነ በእልልታው አልሰማሁትም። ከዚያ ሴትየዋ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ሁለት እጆቼን ይዛ ሳመችኝ፤ እጆቿ ባሕር ዛፉን ራሷ የቆረጠችው ይመስል ሻካራ ናቸው።

«አንተ ነህ አሉ እዚያ ድረስ ሄደህ የተከራከርክልኝ» አለችኝ። «ለሞተ ሰው የሚከራከር ከየት ይገኛል? እግዜር ይክፈልህ።»

አጎቴ አዩኝ።

«አሜን» አልኳት።